«የጋለ አስፋልት» ማነው?

(ኮምቦልቻ፣ ከጎሚስታው ጎን ባለች ጠባብ የኮምፒውተር ክፍል፣ እሑድ ረፋድ፦ የሾፌሮችን ድረ ገጽ የሠራችው ሐያትና ባለፈው ረቡዕ ወንድሙ የተገደለበት ባለ መኪናው አራጋው፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።)

አራጋው፦ ስም! አንድ ስም ነው የጠየቅሁሽ። ከገባሁ ጀምሮ ስለ ኮምፒውተር ታስተምሪኛለሽ።

ሐያት፦ ጋሼ አራጋው፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ መጀመሪያ ሽጉጡን ያስቀምጡት። ሽጉጥ እያየሁ ፊደል አይታየኝም።

አራጋው፦ ሽጉጡ ምን አደረገሽ? እሱ ዝም ብሏል። የምትለፈልፊው አንቺ ነሽ። «የጋለ አስፋልት» ነኝ ብሎ የጻፈው ማነው?

ሐያት፦ ቅጽል ስም ነው። ግማሹ ሾፌር በቅጽል ስም ነው የሚጽፈው። የት ቦታ እንደተዘረፈ፣ ማን እጁን ዘርግቶ እንዳስቆመው በስሙ ቢጽፍ በነጋታው ጎማው ይተኮሳል። እኔም ድረ ገጹን ስከፍትላቸው «ስማችሁ አይወጣም» ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

አራጋው፦ ቃል! ወንድሜን በድንጋይ ያስወገረው ቃልሽ ነው? የእንድሪስ ልጅ ባትሆኚ ኖሮ እስካሁን በአፍጢምሽ ደፍቼሽ ነበር። አንብቢው።

ሐያት፦ አምስቴ አነበብሁልዎ።

አራጋው፦ ስድስተኛ አንብቢው!

ሐያት፦ እሺ፣ እሺ... «ወንድሞች፣ ከባቲ በታች ጠጠር ሜዳ ላይ አንድ ነጭ ተሳቢ ሕፃን ልጅ ገጭቶ አመለጠ። አረንጓዴ ሸራ ለብሷል። ወደ ኮምቦልቻ እየወጣ ነው። ያገኘው እንዳያሳልፈው።» ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ። ከሥሩ «የጋለ አስፋልት» ይላል።

አራጋው፦ የሙሄ መኪና ሸራው ምንድነው?

ሐያት፦ ሰማያዊ።

አራጋው፦ ሰማያዊ! መኪናውን የገዛሁለት እኔ፣ ሸራውን የመረጥሁለት እኔ። አረንጓዴው የጓደኛው የፈንታው ነው። ገጭቶ ያመለጠው ፈንታው፣ የሞተው የኔ ወንድም! ሻይ ቤት ተቀምጠው ይሄን ያንቺን ጉድ በስልክ እያነበቡ ከባቲ በላይ መንገዱን በድንጋይ ዘጉት። መጀመሪያ የደረሰው ነጭ መኪና የሙሄ ሆነ። ሸራ ማን ያያል? ጎትተው አወረዱት። እኔ ስደርስ ፊቱ አልለይ ብሎኝ በጫማው ነው ያወቅሁት። ገባሽ? በጫማው!

ሐያት፦ አላህ ይዘንለት። ሙሄን እኔም አውቀዋለሁ እኮ። ከጅቡቲ ሲመለስ ቴምር ሳይጥልልኝ አያልፍም ነበር። ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም።

አራጋው፦ ለቅሶ አልጎደለኝም። የጎደለኝ ሁለት ሰው ነው። የገጨውና የጮኸው። እብሬና ሌሎቹ የአጎቴ ልጆች ፈንታው በር ላይ ቆመው የኔን ስልክ ይጠብቃሉ። አንቺ የጮኸውን ስትሰጪኝ እደውላለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይሄዳሉ። አንዱ ከቀደመ ሌላው ሰምቶ ይጠፋል።

ሐያት፦ ያ ረቢ! ፈንታው አራት ልጆች አሉት! ለምን ጣቢያ ሄደው...

አራጋው፦ ሄጄ ነበር። «ሕዝብ ነው የገደለው፣ ሕዝብን ማን ያስራል» ብለው ሸኙኝ። እሺ፣ እነሱ ሕዝብ ማሰር ካቃታቸው እኔ ሕዝቡን የጠራውን እጠይቃለሁ። ሳያጣራ «እንዳያሳልፈው» ብሎ አገር ያስነሳውን።

ሐያት፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፈንታው ሲገጭ ማን አየ?

አራጋው፦ ተጽፏል አይደል! አረንጓዴ ሸራ!

ሐያት፦ ማን ጻፈው? ይሄው «የጋለ አስፋልት» ነዋ። ሳያጣራ የሚጮህ ነው ብለው ሊገድሉት የሚፈልጉት ሰው ነው የጻፈው። ለሱ ሞት ቀጣፊ ነው፣ ለፈንታው ሞት ደግሞ ምስክር ነው? ሁለቱን እንዴት አድርገው...

አራጋው፦ ይሄ ምላስሽ!

ሐያት፦ ዋይ! ... በጥፊ? በጥፊ መቱኝ? አባቴ ነፍሱን ይማረውና እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። እሺ። በቃ። ከአሁን ወዲያ «እርስዎ» ቀረ። አንተ ነህ! ሰማህ? አንተ!

አራጋው፦ እንደፈለግሽ ጥሪኝ። ክፈቺው።

ሐያት፦ እንደ ደብተር አንድ ገጽ ላይ የተጻፈ መስሎህ ነው? ይሄን ነገር ስሠራው ሥራውን በየክፍሉ ለያይቼ ነው። ኮንቴይነር ይሉታል። አንተ እንደ ኪራይ ግቢ አስበው። አንዱ ክፍል በር ጠባቂ ነው፤ ማን እንደሆንህ ጠይቆ ያስገባሃል። አንዱ ክፍል የተጻፈውን ያስቀምጣል። አንዱ መልእክት ያደርሳል። ጽሑፉ ያለበት ክፍል የሰውየውን ስልክ አያውቅም። በር ጠባቂው ደግሞ ሰውየው ገብቶ ምን እንደጻፈ አያውቅም። አንዱ ቢታመም ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ሆን ብዬ ነው። እንዳንተ ያለው ሲመጣ እንዳይመቸው ብዬ ነው!

አራጋው፦ በር ጠባቂው የቱ ነው? ይሄ ነው?

ሐያት፦ ተው! የጎማ መፍቻውን ተው! አራጋው! ... ያ አላህ፣ ያ አላህ...

አራጋው፦ አሁንስ? አሁን ይናገራል?

ሐያት፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! የሰበርኸው እኮ ስክሪን ነው። ባዶ መስታወት። ዋናው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ በኪራይ። እዚህ ያለውን ሁሉ ብታደቀው እዚያ ምንም አይሰማም።

አራጋው፦ አንቺ ግን እዚህ ነሽ። ጣትሽም እዚህ ነው። ላፕቶፕሽ ደኅና ነው፤ በአንድ እጅ ይሠራል አይደል?

ሐያት፦ እጄን ልቀቀኝ። ልቀቀኝ እልሃለሁ... አራጋው... አ... አአ! ኡኡ! የሰው ያለህ! ኡኡ!

አራጋው፦ ጩኺ። ጎሚስታው ቸርኬ ሲደበድብ ነው የሚውለው፣ ማንም አይሰማሽ። የሰበርሁት አንድ ነው፤ ዘጠኝ አለሽ።

ሐያት፦ ጣቴን... ጣቴን ሰበርኸው! አንተ አውሬ! የሞተብህ ሰው ስላለ የፈለግኸውን የምታደርግ መሰለህ? እኔ ነኝ ድንጋይ የወረወርሁት?

አራጋው፦ ዝም በይ። ስልክ ነው። ... ሃሎ። ... አይ፣ እሱ አይደለሁም፣ ወንድሙ ነኝ። ... አልሰማህም እንዴ? ... ሙሄማ አርፏል። ... ረቡዕ። ... አሜን። ... አይ፣ አይ፣ ከሚሌ ድረስ አትምጣ፣ መንገዱም ደግ አይደለም። ዱዓ አድርግለት። ... እሺ ወንድሜ። አሜን።

ሐያት፦ የሱን ስልክ ነው የያዝኸው?

አራጋው፦ ያልሰማ ሰው ይደውላል። በቀን አሥርም አሥራ አምስትም ይሆናሉ። ዘግቼ ላስቀምጠው ብል እናቴ አለቀሰች። «ስልኩ ከተዘጋ ያን ጊዜ ሞተ» ትለኛለች። ቻርጅ እያደረግሁ ይዤው እዞራለሁ።

ሐያት፦ ውይ፣ እማማ ዘምዘም...

አራጋው፦ ስሟን እንዳትጠሪ! እዘኝልኝም አላልሁሽ! ክፈቺው!

ሐያት፦ በግራ እጄ ነው፣ ታገሥ። ... ገባሁ። በር ጠባቂው ክፍል ይሄ ነው። ማን በየትኛው ስልክ እንደተመዘገበ ያለው እዚህ ነው። «የጋለ አስፋልት»... የጋለ... ቆይ። ቆይ አንዴ።

አራጋው፦ ምኑ ነው የሚቆየው? እኔም ቁጥር አነባለሁ። ዞር በይ። ... ይሄ ቁጥር... ይሄ ቁጥር ውጪ በርሽ ላይ በቀለም ተጽፏል።

ሐያት፦ የኔ ነው። ግን ስማኝ...

አራጋው፦ አንቺ ነሽ!

ሐያት፦ አይደለሁም! ቀጥሎ ያለውን እየው! «የባቲ ልጅ»፣ የኔ ቁጥር። «ሸክም አይሰማው»፣ የኔ ቁጥር። «ሌሊት ነጂ»፣ የኔ። ስድሳ ሰው በኔ ቁጥር ነው ያለው!

አራጋው፦ ተንበርከኪ።

ሐያት፦ አራጋው፣ በአባቴ አጥንት...

አራጋው፦ ተንበርከኪ አልሁሽ! ፊትሽን ወደ ግድግዳው! አራት ቀን ሙሉ አገር ለአገር ስዞር አንቺ እዚህ ሆነሽ «አላህ ይዘንለት» ትያለሽ?

ሐያት፦ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጽሑፉ ግን የኔ አይደለም! መጀመሪያ በደንብ ነበር የሠራሁት። ሰው በገዛ ስልኩ ይመዘገባል፣ ኮድ ይላክለታል፣ ኮዱን አስገብቶ ይገባል። ከዚያ ላፕቶፕ ይዤ መኪና ማቆሚያው ወረድሁ። ሾፌሩ ሁሉ «አንቺው ክፈችልኝ» አለኛ! አንዱ ሲሙ ጅቡቲ ቀርቷል። አንዱ የያዘው የሚስቱን ስልክ ነው። አንዱ ኮዱ ሳይደርስለት ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ሞባይል ቤት ያለው ልጅ ለሰፈሩ ሁሉ ፌስቡክ ይከፍት የለ? እንደሱ አደረግሁ። በኔው ቁጥር ከፈትሁላቸው፣ ፓስወርዱንም ለሁሉም አንድ ሰጠኋቸው። «በኋላ ቀይሩት» አልኋቸው። ማን ይቀይራል!

አራጋው፦ ስድሳ ሰው በአንድ ቁልፍ።

ሐያት፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቸኮልሁ። ድረ ገጹ ቶሎ ሰው በሰው እንዲሆንልኝ ጓጓሁ። ያን ያህል ስለ ምስጢር ስደነፋ የበሩን ቁልፍ እንደ ከረሜላ በተንሁት።

አራጋው፦ ተረት ትተርቺልኛለሽ? ተረትሽ ሙሄን ያስነሳዋል? እንኪ! ይሄንስ ተርቺው!

ሐያት፦ ...ጆሮዬ... ጆሮዬ ጠፋ... ተኮስህ? ተኮስህብኝ?

አራጋው፦ ጣራውን ነው። ቀጣዩ ጣራ አይደለም። ጎሚስታውን በመስኮቱ አየዋለሁ፤ ቀና እንኳ አላለም፣ ጎማ የፈነዳ መስሎታል። ሦስት እቆጥራለሁ። ወይ ስም፣ ወይ አንቺ። አንድ!

ሐያት፦ ስም ልስጥህ? ስድሳ ስም አለኝ፣ ማንኛውን ልስጥህ? ያንን የአጎቴን ቤት የነጠቀውን ዋሴን ልበልህ? «ዋሴ ነው» ብል እኮ አሁኑኑ ሄደህ ትደፋዋለህ። በምን ታጣራለህ? ዛሬ በዚች ከተማ የጠላሁትን ሰው ባንተ እጅ ማስገደል እችላለሁ። ይሄን አስበኸዋል?

አራጋው፦ ዋሴ ነው?

ሐያት፦ አይደለም! አላውቅም! አየህ? ድምፅህ ራሱ ተለወጠ! ስም ይሁን እንጂ የማንም ይሁን!

አራጋው፦ ሁለት!

ሐያት፦ መልእክት! መልእክት ልላክለት!

አራጋው፦ ምን መልእክት? ባንቺው ቁጥር?

ሐያት፦ በቁጥር አይደለም፣ በድረ ገጹ። መልእክት የሚያደርሰው ክፍል ቁጥር አይጠይቅም። «የጋለ አስፋልት» የተከፈተበት ስልክ የትም ይሁን የት እዚያው ላይ ይጮሃል። እንደደረሰ የስልኩ ዓይነትና ያለበት ከተማ ይመጣልኛል። ሚሌ ይሁን፣ ባቲ ይሁን፣ እዚህ ይሁን እንለየዋለን። ከዚያ መተኮስ አያመልጥህም፤ እኔ የትም አልሄድ።

አራጋው፦ ተነሺ። ላኪ።

ሐያት፦ ምን ብዬ?

አራጋው፦ እኔ ምናባቴ አውቃለሁ! «ማነህ» በይው።

ሐያት፦ «ማነህ»። ... ላክሁት።

አራጋው፦ የታለ?

ሐያት፦ ኔትወርኩ እኮ... ታገሥ። ሽጉጡን ከጆሮዬ ራቅ አድርገው፣ አልሸሽህም። ... ደረሰ። ይሄው፣ «ደርሷል» ይላል። ከተማው... ኮምቦልቻ። እዚሁ ነው ያለው። አራጋው፣ ስልክህ ጮኸ።

አራጋው፦ ያልሰማ ሰው ነው፣ ተይው። ኮምቦልቻ የት? የትኛው ሰፈር?

ሐያት፦ ስልኩን አውጣው።

አራጋው፦ ያልሰማ ሰው ነው አልሁሽ!

ሐያት፦ ቢደወልልህ ይቀጥል ነበር። አንዴ ጮኾ ዝም ነው ያለው። አውጣውና እየው።

አራጋው፦ እሺ፣ ይሄው አወጣሁት።

ሐያት፦ ምን ይላል?

አራጋው፦ የሙሄ ስልክ... «ማነህ» ይላል።

ሐያት፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ።

አራጋው፦ አንቺ ነሽ! በኮምፒውተርሽ አጣመምሽው! ለሁሉም ነው የላክሽው፣ ለስድሳውም!

ሐያት፦ እንግዲያው አንተ ምረጥ። ምን ልጻፍ? ለማን እንደምልከው ስክሪኑን እያየህ፣ አንተው ራስህ ተጫነው። ይቺን ነው የምትነካው።

አራጋው፦ «ዘምዘም» ብለሽ ጻፊ። ... ነካሁት።

ሐያት፦ ጮኸ።

አራጋው፦ ሰምቻለሁ።

ሐያት፦ አራጋው...

አራጋው፦ ሙሄ በስሙ ነው የሚጽፈው! «ሙሄ ኮምቦልቻ» ብሎ፣ ፎቶውንም ለጥፎ!

ሐያት፦ ሁለት ክፈችልኝ ያለኝ ብዙ ነው። አንዱን በስሙ፣ አንዱን ለቀልድና ለሐሜት። እሱም ብሎኝ ይሆናል፣ አላስታውስም።

አራጋው፦ ስልኩን ሌላ ሰው ይዞት ነበራ! ሰርቀውት፣ ወይ ለምነውት...

ሐያት፦ ረቡዕ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኩ ማን እጅ ነበር?

አራጋው፦ ...አሥር ተኩል ላይ ደውሎልኛል።

ሐያት፦ ሙሄ ራሱ?

አራጋው፦ ራሱ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አያ፣ የፊት መብራቱ ተሰበረብኝ፣ ፍየል ገጭቼ ነው» አለኝ። እኔም «ለባለቤቱ ከፍለህ ና» አልሁት። «ባለቤቱ የለም» አለኝ።

ሐያት፦ ፍየል።

አራጋው፦ ፍየል ነው ያለኝ! ወንድሜ አይዋሸኝም! እጄ ላይ ነው ያደገው!

ሐያት፦ ይሄን ተመልከት። ረቡዕ አሥር ከአርባ፣ ፈንታው በስሙ የጻፈው ነው። «ባቲ ላይ ጎማ እያስጠገንሁ ነው፣ ትርፍ ከመነዳሪ ያለው ይንገረኝ» ይላል። ገባህ? ፈንታው ከፊት ነበር። ሙሄ «አረንጓዴ ሸራ» ብሎ የጻፈው ሰዉ ፈንታውን ይዞ ሲወቃ እሱ በጎን ሊያልፍ ነው። ፈንታው ግን ለጎማው ከመንገድ ወጣ፣ ሙሄ ሳያየው ቀደመው። ሕዝቡ ደግሞ የሰማው «ነጭ» የምትለዋን ብቻ ነው። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባል የለ?

አራጋው፦ ዝም በይ።

ሐያት፦ መኪናውን አላየኸውም? ከፊቱ ምን ነበረው?

አራጋው፦ በድንጋይ የደቀቀ ነው! ሁሉ ነገሩ ደቅቋል! ከምኑ ምኑን እለያለሁ?

ሐያት፦ ከሥሩስ? ጎማው አካባቢ?

አራጋው፦ ዝም በይ ብዬሻለሁ!

ሐያት፦ አየህ እንጂ። አንድ ነገር አይተሃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከገባህ ጀምሮ የምትጮኸው ለሱ ነው! ምን አገኘ... አ... ል... ልቀ...

አራጋው፦ ምንም አላገኘሁም! ምንም! ምንም አላገኘሁም! ... ምንም... አላ...

ሐያት፦ ...

አራጋው፦ ሐያት? ... ሐያት! ተንፍሺ! ለቅቄሻለሁ፣ ተንፍሺ! አንቺ ልጅ!

ሐያት፦ ...ውሃ... ሂድ ከፊቴ... አትንካኝ!

አራጋው፦ አልነካሽም።

ሐያት፦ ልትገድለኝ ነበር።

አራጋው፦ ጫማ ነው። ከጎማው መከለያ ውስጥ የተሰነቀረች የላስቲክ ጫማ። ቀይ። ይቺን ታክላለች፣ መዳፌን አትሞላም። ሐሙስ ጧት፣ ሬሳው ሳይወጣ፣ ብቻዬን መኪናው ሥር ገብቼ አገኘኋት። የማንም ትሆናለች አልሁ፤ መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ጎማ ያነሳል አልሁ። ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬ ደፈንኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ሐያት፦ ታውቅ ነበር።

አራጋው፦ አላውቅም! ላለማወቅ ነው አራት ቀን የሮጥሁት። ... ሐያት፣ አጥፊው።

ሐያት፦ ምኑን?

አራጋው፦ ጽሑፉን። ሁለቱንም መልእክት። «የጋለ አስፋልት» የሚባል እንዳልነበረ አድርጊው። ይሄን የምናውቅ እኔና አንቺ ብቻ ነን። ፈንታው ይሙት፣ ነገሩ እዚያ ላይ ይዘጋ።

ሐያት፦ ምን አልህ?

አራጋው፦ ሙሄን አንዴ ገድለውታል፤ ሕፃን ገጭቶ የሸሸ፣ በጓደኛው ያመካኘ ተብሎ ደግሞ አይሞትም! እናቴ እንዴት አድርጋ ትሰማው? «ልጄ ሸሂድ ነው፣ ያለ ጥፋቱ ነው የሞተው» እያለች ነው ያለችው። አጥፊው!

ሐያት፦ አላጠፋም።

አራጋው፦ ዘጠኝ ጣት አለሽ።

ሐያት፦ ስበር! ይሄው፣ እንካ፣ ዘጠኙንም ስበር! ያቺ ልጅ ማን እንደምትባል ታውቃለህ? አራት ቀን ሙሉ ደም፣ ደም ስትል አንድ ቀን ስሟን ጠይቀሃል? ሰሚራ ነው ስሟ። ስድስት ዓመቷ ነው። የሷ አባት ሽጉጥ ይዞ የማንን በር እንዲያንኳኳ ነው የምትፈልገው?

አራጋው፦ ሰሚራ ነው ያልሽው?

ሐያት፦ እኔም ንጹሕ ነኝ አልልህም። ለእያንዳንዱ በስልኩ ከፍቼለት ቢሆን ኖሮ ሙሄ ያንን ውሸት አይጽፋትም ነበር፤ እንደሚያዝ ያውቃላ። ዕዳው እኔንም ይነካኛል። ነገ ሰው ፊት ወጥቼ «እኔ ነኝ በሩን ክፍት የተውሁት» እላለሁ። በሰበርኸው ጣቴም እከስሃለሁ። አንዱ አንዱን አያስቀርም። ግን ፈንታው ምን አደረገህ? ጎማው ተንፍሶ ቆመ። ይሄው ነው ጥፋቱ!

አራጋው፦ እናቴን ማን ይነግራታል?

ሐያት፦ አንተ ነህ እንጂ ማን ይነግራታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ዛሬ ካንተ ካልሰማች ነገ ከጎረቤት ትሰማዋለች፤ ያን ጊዜ ሁለት ልጅ ነው የምታጣው፣ አንዱ በሞት አንዱ በእስር።

አራጋው፦ ...ስልክ። የኔ ነው። እብሬ ነው።

ሐያት፦ አንሳው።

አራጋው፦ ሃሎ። ... ቆይ እንጂ። ቆይ አልሁህ! ... ከግቢ ወጣ? ... ብቻውን ነው? ... እ... በየት በኩል ነው የሚሄደው? ... ስልኩን እንዳትዘጋው፣ ቆየኝ።

ሐያት፦ ምን ይላል?

አራጋው፦ ፈንታው ወጥቷል። ትንሿን ልጁን እጇን ይዞ ወደ ሱቅ ይሄዳል። «ደርሶብኛል፣ ልምታው ወይስ ይለፍ» ይለኛል።

ሐያት፦ ምን ልትለው ነው?

አራጋው፦ ሐያት፣ ወንድሜ እኮ ነው።

ሐያት፦ አውቃለሁ። ሰውየው መስመር ላይ ነው፣ ንገረው።

አራጋው፦ ሃሎ፣ እብሬ። ሽጉጥህን መልስ። ... መልስ አልሁህ፣ ይለፉ! ... አዎ፣ አግኝቼዋለሁ። የገጨውም የጮኸውም አንድ ሰው ነው። ... ታውቀዋለህ እንጂ። ሐሙስ ዕለት ቃሬዛውን በትከሻህ ተሸክመህ ቀብረኸዋል።